የ28 ኪሎው መልስ አሠራሩ ይውጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በተማሪዎች ገጻችሁ ላይ «50 ኪሎ ግራም የኖራ ድንጋይ ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል ስንት ኪሎ ግራም ኖራና ስንት ሜትር ኩብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል?» የሚል ጥያቄ አውጥታችሁ፣ ከገጹ ግርጌ «28 ኪሎ ግራም፤ 11.2 ሜትር ኩብ» ብላችሁ መልሳችኋል። እኛ በሰሜን ሸዋ ኬሚስትሪ የምናስተምር መምህራን ነን። የምንጽፈው የመጀመሪያው ቁጥር ስለተሳሳተ አይደለም፤ ልክ ነው። ነገር ግን አሠራሩ ስላልወጣና ጥያቄውም ያለ ችሎታ የሚመለስ ዓይነት ስለሆነ፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጀውን ልጅ ያዘናጋዋል። ሁለተኛው ቁጥር ደግሞ ለደብረ ብርሃን ተማሪ ምንም አልተባለለትም፤ እዚህ ከተማ ላይ አይሠራም።

ጥያቄው ለምን እንዳልተስማማን እናስረዳ። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሲቃጠል ካልሲየም ኦክሳይድ (ኖራው) እና ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ጋዙ) ይሆናል። የአቶሞቹን ክብደት ካልሲየም 40፣ ካርቦን 12፣ ኦክሲጅን 16 ብለን ብንደምር የድንጋዩ አንድ ሞል (ሞል እንደ ደርዘን ያለ የቅንጣቶች መቁጠሪያ ነው) 100 ግራም፣ የኖራው 56፣ የጋዙ 44 ይመዝናል። 50 ኪሎ ለ100 ሲካፈል 0.5 ኪሎ ሞል ነው (አንድ ኪሎ ሞል 1,000 ሞል ነው)፤ በ56 ሲባዛ 28 ኪሎ። እስከዚህ ጥሩ። ግን በዚህ ኢኩዌሽን (የገባውንና የወጣውን በሚያሳየው ቀመር) ውስጥ ከእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ፊት የሚቆመው ቁጥር 1 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ምን እንደሚሠራ የገባውም፣ ጨርሶ ያልገባውም፣ ሁለት ጊዜ የተጠቀመበትም ልጅ እኩል 28 ያገኛሉ። አስተማሪው ተማሪው የቱ ጋ እንዳለ ማወቅ አይችልም፤ ተማሪውም ራሱን አይጠረጥርም። ፈተና ላይ 2 እና 3 ሲመጡበት ነው ጉዱ የሚታየው።

ከፊት የሚቆሙት ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ ሞል እንጂ ስለ ኪሎ አይደለም። ይህን ለማሳየት ገበሬያችን ሁሉ የሚያውቀውን ዩሪያ እንውሰድ። ዩሪያ በፋብሪካ የሚሠራው ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤

2 አሞኒያ + 1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ → 1 ዩሪያ + 1 ውሃ

የአሞኒያ አንድ ሞል 17 ግራም ነው (14 ከናይትሮጅን፣ 3 ከሃይድሮጅን)። የካርቦን ዳይኦክሳይድ 44፣ የውሃ 18። ዩሪያ ውስጥ ሁለት ናይትሮጅን፣ አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክሲጅንና አራት ሃይድሮጅን ስላሉ 28 + 12 + 16 + 4 = 60 ይሆናል። ጥያቄው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እስከሚበቃ ድረስ ቢኖር፣ 170 ኪሎ አሞኒያ ስንት ኪሎ ዩሪያ ይሰጣል?

መንገዱ ሦስት እርምጃ ነው። ኪሎውን ወደ ሞል፦ 170 ÷ 17 = 10 ኪሎ ሞል አሞኒያ። ከአሞኒያ ሞል ወደ ዩሪያ ሞል፦ ኢኩዌሽኑ ለሁለት አሞኒያ አንድ ዩሪያ ስለሚል 10 × 1/2 = 5 ኪሎ ሞል። ከሞል ወደ ኪሎ መመለስ፦ 5 × 60 = 300 ኪሎ ግራም ዩሪያ።

በተማሪ ደብተር ላይ ግን ለዚሁ ጥያቄ ሌሎች ሦስት መልሶች ይገኛሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ በሽታ አለው። አንደኛው 600 ነው። ይህ ልጅ መካከለኛውን እርምጃ ዘሎታል፤ 10 ኪሎ ሞል አሞኒያ 10 ኪሎ ሞል ዩሪያ ይሆናል ብሎ አስቧል። የእናንተን የኖራ ጥያቄ ብቻ ሲሠራ የከረመ ልጅ በቀጥታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው 85 ነው። ይህኛው 2 እና 1ን የክብደት መጠን አድርጎ 170ን ለ2 አካፍሏል፤ ሞል የሚባል ነገር ጨርሶ አልነካም። ሦስተኛው 150 ሲሆን የጎበዝ ተማሪ ስሕተት ነው። ልጁ «ከፊቱ 2 ስላለ» ብሎ 17ን በ2 አባዝቶ 34 አደረገው፤ 170ን ለ34 አካፍሎ 5 አገኘ፤ ከዚያ መካከለኛው እርምጃ ላይ እንደገና በ1/2 አባዛው። 2ቷ ሁለት ጊዜ ተቆጠረች። የአንድ ሞል ክብደት ሲሰላ ከፊት ያለው ቁጥር አይገባም፤ የሚገባው በሁለተኛው እርምጃ ብቻ ነው። 34ን ለ60 የሚያመዛዝን ሌላ አቋራጭ አለ፤ እሱም 300 ያደርሳል፤ ከተጠቀሙበት ግን ከዚያ በኋላ 1/2 የሚባል ነገር የለም። ሁለቱን መንገድ ማደባለቅ ነው የሚጎዳው።

እነዚህን ሦስት ስሕተቶች መምህር ሳይኖር የሚይዝ መፈተሻ አለ፤ በገጻችሁ ብታወጡት በጣም የሚጠቅመው እሱ ነው። ናይትሮጅኑን ይቁጠሩት። 170 ኪሎ አሞኒያ ውስጥ 170 × 14/17 = 140 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ዩሪያ ውስጥ ደግሞ ከ60ው 28ቱ ናይትሮጅን ነው። 300 ኪሎ ዩሪያ 140 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ገጠመ። 600 ብንል 280 ይሆናል፤ 140ው ከየት መጣ? 150 ብንል 70 ብቻ፤ ግማሹ የት ገባ? 85 ብንል 40 እንኳ አይሞላም። በነገራችን ላይ 28ን ለ60 ስናካፍል 46.7 በመቶ ይሆናል፤ ጆንያው ላይ 46 የሚል የተጻፈው የሚሸጠው ዩሪያ ጥቂት እርጥበትና ሌላ ውሕድ ስለማያጣ ነው። 50 ኪሎው ጆንያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ነው ማለት ነው።

ጠቅላላ ክብደትንም ማስተያየት ይቻላል፤ 170 ኪሎ አሞኒያና 220 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብተው 300 ዩሪያና 90 ውሃ ይወጣሉ፤ ሁለቱም ወገን 390። ይህ የሚሠራው ግን ኢኩዌሽኑ በትክክል ባላንስ ከተደረገ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ዓይነት አቶም ብዛት በሁለቱም ወገን እኩል ከሆነ ነው። ባላንስ ሲደረግ የሚነካው ከፊት ያለው ቁጥር ብቻ መሆኑን ለ10ኛ ክፍል ተማሪ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል፤ በፎርሙላው ውስጥ ያለችውን ትንሿን ቁጥር (ለምሳሌ የH₂Oን 2) የነካ ልጅ ውሃን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አድርጎ ነው የሚያርፈው።

ካልኩሌተሩም ጥፋት አለው፣ ይልቁንም አጠቃቀሙ። በአቋራጩ 170ን ለ34 ለማካፈል 170 ÷ 2 × 17 ብሎ የጻፈ ልጅ 1,445 ያገኛል፤ መሣሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ 85ን በ17 ስላባዛው። 170 ÷ (2 × 17) ተብሎ በቅንፍ ሲጻፍ 5 ይሆናል። ክሎሪንን 36 ማለትም አይገባም፤ 35.5 ነው። ማጠጋጋት የመጨረሻው መልስ ላይ ብቻ ይሁን።

ሁለት ነገሮች በተወሰነ መጠን ሲሰጡ ደግሞ ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው እንደሆነ መለየት ግድ ነው። 170 ኪሎ አሞኒያና 176 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለን እንበል። ብዙው ተማሪ 170 ከ176 ስለሚያንስ አሞኒያው ያልቃል ይላል። ኪሎን ከኪሎ ማወዳደር እዚህ ምንም አይነግርም። አሞኒያው 10 ኪሎ ሞል ነው፤ ከፊቱ ላለው 2 ሲካፈል 5። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 176 ÷ 44 = 4 ኪሎ ሞል ነው፤ ለ1 ሲካፈል 4። ትንሹ 4 ስለሆነ የሚያልቀው፣ በኪሎ የሚበልጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ዩሪያው 4 × 60 = 240 ኪሎ፣ ውሃው 72 ኪሎ። አሞኒያ የሚፈጀው 8 ኪሎ ሞል፣ ማለትም 136 ኪሎ ሲሆን 34 ኪሎ ይተርፋል። 170 እና 176 ድምሩ 346፤ 240፣ 72 እና 34ም 346። የተረፈውን መደመር የረሳ ልጅ ሒሳቡ አልገጥም ብሎት ትክክለኛ መልሱን ይሰርዛል፤ ይህ ደግሞ ያሳዝናል። በእውነተኛው ፋብሪካ አሞኒያው ሆን ተብሎ በብዛት ይጨመራል፤ አጸግብሮቱ (ኬሚካዊ ለውጡ) በአንድ ዙር ስለማያልቅ ያልተለወጠው ተለይቶ እንደገና ይመለሳል።

አሁን ወደ 11.2 ሜትር ኩብ እንምጣ። 50 ኪሎ የኖራ ድንጋይ 0.5 ኪሎ ሞል፣ ማለትም 22 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ቦታ ይይዛል የሚለው ግን የ0 ዲግሪ ሴልሺየስና የባሕር ጠለል ግፊት ቁጥር ነው። (ግፊቱን 1 ባር የሚያደርጉ መጻሕፍት 22.7 ይላሉ፤ ተማሪ ሁለቱን ሲያይ አይደናገጥ።) ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሳይሆን 540 አካባቢ ነው፤ ውሃም 91 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። የክፍሉ ሙቀት 17 ዲግሪ ቢሆን፣ 22.4ን በ290/273 (17 ዲግሪ ላይ 273 ተደምሮ 290 ነው) እና በ760/540 ስናባዛ አንድ ሞል 33.5 ሊትር ይሆናል። የእናንተ 11.2 ሜትር ኩብ እዚህ 16.7 ሆነ ማለት ነው። ቁልቁለቱን ወርደን ሸዋ ሮቢት ብንደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ፣ ግፊቱም 650 አካባቢ ነው፤ በ27 ዲግሪ ያው ጋዝ 14.4 ሜትር ኩብ ይይዛል። በአንድ ዞን ውስጥ ሁለት መልስ! ክብደቱ ግን ደብረ ብርሃንም ሸዋ ሮቢትም 22 ኪሎ ነው። በክብደት መሥራት የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ በይዘት (ጋዙ በሚይዘው ቦታ) የሚጠየቅ ከሆነም ሙቀቱና ግፊቱ ጥያቄው ውስጥ መጻፍ አለበት። ጋዙን በውሃ ላይ የሚሰበስብ መምህር ደግሞ ከ540ው ላይ የውሃውን ተን ግፊት፣ በ17 ዲግሪ 14 ተኩል ያህል፣ መቀነሱን አይርሳ።

ወረቀት ላይ ድንጋዩ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ከጀማ ሸለቆ ገደል የሚፈለጠው ድንጋይ ግን አሸዋና ሸክላ አፈር አያጣውም። 10 ኩንታል፣ ማለትም 1,000 ኪሎ ድንጋይ 90 በመቶው ካልሲየም ካርቦኔት ነው ብንል፣ ወደ ሒሳቡ የሚገባው 900 ኪሎ ብቻ ነው። 9 ኪሎ ሞል፤ 504 ኪሎ ካልሲየም ኦክሳይድ፤ 396 ኪሎ ጋዝ። ከምድጃው የሚወጣው ግን 504 ሳይሆን 604 ኪሎ ነው፤ 100 ኪሎው ባዕድ ነገር አብሮ ይወጣል (እሱም ሲቃጠል ክብደት አልቀነሰም ብለን ነው)። የሚሸጠውን ኖራ ጥራት የሚጠይቅ ሰው 504ን ለ604 አካፍሎ 83 በመቶ ይላል።

ይህ ምድጃ በደንብ ባይነድስ? ድንጋዩ ለመበተን 900 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ጉማጁ ትልቅ ከሆነ ወይም ማገዶው ካነሰ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከካርቦኔቱ 80 በመቶው ብቻ ተቃጠለ እንበል። ካልሲየም ኦክሳይዱ ወደ 403 ኪሎ ይወርዳል፤ 180 ኪሎ ጥሬ ካርቦኔት ይቀራል፤ ባዕዱ 100 ኪሎ እንዳለ ነው። ድምሩ 683 ኪሎ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሥራው ሲበላሽ ከምድጃ የሚወጣው ክብደት ከ604 ወደ 683 ጨመረ። የወጣውን ለገባው አካፍሎ «ውጤታማነት» የሚል ሰው መጥፎውን ምድጃ ይሸልማል። ትክክለኛው ማካፈል የተገኘውን ካልሲየም ኦክሳይድ በስሌት ሊገኝ ለሚገባው ነው፤ 403 ለ504፣ 80 በመቶ። በትምህርት ቤት ላቦራቶሪም ከ100 በመቶ በላይ ውጤት ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ሌላ አይደለም፤ ዝቃጩ አልደረቀም፣ የተመዘነው ውሃ ነው።

በዞናችን ለሚ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ ስላለ ልጆቹ ስለዚህ ነገር መጠየቃቸው አይቀርም። ክሊንከር (ከምድጃ ወጥቶ ሲፈጭ ሲሚንቶ የሚሆነው ጉማጅ) ውስጥ ከክብደቱ 65 በመቶ ገደማ ካልሲየም ኦክሳይድ ነው። ለ100 ኪሎ ክሊንከር 65 × 100/56 = 116 ኪሎ ካልሲየም ካርቦኔት ያስፈልጋል፤ ከድንጋዩ ብቻ 51 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የነዳጁ ጭስ ሌላ ሒሳብ ነው።

ይኸው ስሌት ማሳ ላይም ይገባል። አሲዳማ አፈር ለማከም ለአንድ ሄክታር ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት 20 ኩንታል ይበቃል ተባለ እንበል፤ ልኩን የሚወስነው የአፈር ምርመራው ነው፣ 20ው ለምሳሌ ነው። የተፈጨው ድንጋይ ንጽሕናው 85 በመቶ ሆኖ 5 በመቶ እርጥበት ካለው 20 ÷ (0.85 × 0.95) = 24.8 ኩንታል ያስፈልጋል። ብዙዎች 20ን በ0.85 አባዝተው 17 ይላሉ፤ ድንጋዩ ጥራቱ ዝቅ ሲል መጠኑም ዝቅ አለ ማለት ነው፣ የማይሆን ነገር። ከድንጋይ ወደ ንጹሑ ስንሄድ እናባዛለን፤ ከንጹሑ ወደ ድንጋይ ስንመለስ እናካፍላለን። በምትኩ የተቃጠለ ኖራ ከሆነ 20 × 56/100 = 11.2 ኩንታል፣ በውሃ የጠፋ ኖራ (ውሃ ጠጥቶ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሆነው፣ አንድ ሞሉ 74 ግራም) ከሆነ 20 × 74/100 = 14.8 ኩንታል ነው፤ ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ። ያልጠፋው (ተቃጥሎ ገና ውሃ ያልጠጣው) ኖራ ውሃ ሲነካው በኃይል ስለሚግል ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ በእጅ የሚበተን ነገር አይደለም። በድንጋዩም በኩል ቢሆን ስሌቱ የሚሠራው ደቅቆ ለተፈጨ ነው፤ ጠጠሩ ማሳው ላይ ዓመታት ይቀመጣል።

ለሚቀጥለው ዕትም በኖራው ፈንታ ይህን ጥያቄ ብታወጡ እንመክራለን፤ ሚዛን ያለው ተማሪ ቤቱ ሊሞክረውም ይችላል። ቤኪንግ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ሲሞቅ እንዲህ ይበተናል፤

2 ሶዲየም ባይካርቦኔት → 1 ሶዲየም ካርቦኔት + 1 ውሃ + 1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ

የአንድ ሞል ክብደታቸው በቅደም ተከተል 84፣ 106፣ 18 እና 44 ግራም ነው። 84 ግራም ቢሞቅ ስንት ግራም ደረቅ ዱቄት ይቀራል? 1 ሞል ባይካርቦኔት፤ በ1/2 ሲባዛ 0.5 ሞል ካርቦኔት፤ በ106 ሲባዛ 53 ግራም። የሁለቱን ሬሾ የዘለለ ልጅ 106 ይላል፤ ከ84 ግራም 106 ሊቀር እንደማይችል ራሱ ያየዋል። 2ቷን ሁለት ጊዜ የቆጠረ ደግሞ 26.5 ይላል፤ እሱን ሚዛኑ ያርመዋል።

ሲሞከር ቤኪንግ ፓውደር እንዳይገዛ፤ እሱ ስታርችና አሲድ ስላለበት ሒሳቡን ያበላሻል። የብረት መጥበሻ ይሻላል፣ አልሙኒየም ባይሆን ይመረጣል። መጥበሻው ባዶውን ይመዘን፤ ዱቄቱ ሳሳ ብሎ ይነጠፍ፤ እየተማሰለ ከ200 ዲግሪ በላይ በሚደርስ እሳት ላይ ይቆይ፤ ሲማሰል ዱቄት እንዳይፈስ። ከወረደ በኋላ ትኩስ ሆኖ አይመዘን፣ ሚዛኑን ያሳስታል፤ ቀዝቅዞም ብዙ ሰዓት አይተው፣ እርጥበት ከአየር ይስባል። ተመዝኖ እንደገና 10 ደቂቃ ይሙቅና ይመዘን፤ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል እስኪሆኑ ይደጋገም። 60 ግራም ላይ የቆመ ልጅ አልጨረሰም፤ ከ31 ግራሙ የሚጠፋ ክብደት 24ቱ ብቻ ነው የሄደለት፣ ማለትም 77 በመቶ።

መልሱን ስታወጡ ሦስቱ እርምጃዎች ከነመለኪያቸው፣ ከሥራቸውም የክብደት መፈተሻው ይታተሙ፤ 84 = 53 + 9 + 22 ብላችሁ። ቦታ ካነሰ ከአምስት ጥያቄ አራቱ ይቅሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰሜን ሸዋ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ መምህራን
ደብረ ብርሃን